ጨረታ ከመውጣቱ በፊት፦ የግንባታ ውል ባዶ ቦታዎችን በትክክል ስለ መሙላት

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በካኩማም ሆነ በሌሎች ካምፖች የሚሠሩ የመማሪያ ክፍሎች፣ መጸዳጃ ቤቶች፣ የእድር አዳራሾችና መጋዘኖች አብዛኛውን ጊዜ የጽሑፍ ውል አላቸው። ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ውል ባለመኖሩ ሳይሆን፣ በውሉ ውስጥ መሞላት የነበረባቸው ቦታዎች ባዶ በመቅረታቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው ሰው ከዓመታት በፊት የአንድ የሕፃናት መዋያ አሠሪ ኮሚቴ አባል ነበር። ገንዘቡ የተዋጣው ከሻይ ቤት፣ ከሱቅና ከፀጉር ቤት ባለቤቶች፣ እንዲሁም ወደ ሦስተኛ አገር ከሄዱ ወገኖች ነበር። ኮሚቴው የታተመ የውል ቅጽ አገኘ፤ ተጫራቾችን ጠራ፤ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን መረጠ፤ ፈረመም። «የሥራው ማጠናቀቂያ ቀን» በሚለው ቦታ ግን ነጠብጣብ ብቻ ነበር። «ኋላ እንሞላዋለን» ተባባልን። ተቋራጩ ግድግዳውን እስከ ጣሪያው ሥር ካደረሰ በኋላ ሠራተኞቹን ይዞ ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ቆርቆሮ ሳይለብስ ዝናብ መጣና የጭቃ ጡቡን ግድግዳ በሁለት ሌሊት አፈረሰው። ተቋራጩን አስጠርተን ብንጠይቀው ውሉን ገልጦ ባዶውን መስመር አሳየን። «በየትኛው ቀን ነው ጨርስ ያላችሁኝ?» አለ። መልስ አልነበረንም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በትምህርት ቤት፣ በውሃ፣ በእድር ወይም በሌላ ኮሚቴ ውስጥ የምታገለግሉ ነዋሪዎች፣ እንዲሁም በራሳችሁ ገንዘብ ቤት ወይም ሱቅ የምታሠሩ ወገኖች፣ የጨረታ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት በውሉ ላይ ምን ምን መሞላት እንዳለበት ለማስረዳት ነው።

ባዶ ቦታዎቹ የት ይገኛሉ?

አንድ የጨረታ ሰነድ ብዙውን ጊዜ የሚከተሉትን ይይዛል፦ ማስታወቂያውን፣ ለተጫራቾች የተሰጠውን መመሪያ፣ አጠቃላይ የውል ሁኔታዎችን፣ ልዩ የውል ሁኔታዎችን ወይም አባሪውን፣ ፕላኑን፣ የሥራውን ዓይነትና ጥራት የሚገልጸውን ጽሑፍ፣ በመጨረሻም የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩን። አጠቃላይ ሁኔታዎቹ ታትመው የሚመጡ ስለሆነ አይነኩም። የእኛን ሥራ ከሌላው ሥራ የሚለየው ሁሉ የሚጻፈው በአባሪው ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን (ፊዲክ) እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው የግንባታ ውል ይህ ክፍል «የጨረታ አባሪ» ይባል ነበር፤ በ2017 እትም «የውል መረጃ» ተብሏል። ስሙ ቢለያይም ተግባሩ አንድ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ላይ ያሉ ባዶ ቦታዎች የቀረውን ሃምሳና መቶ ገጽ ሥራ ላይ ያውላሉ፤ ወይም ዋጋ ቢስ ያደርጉታል።

ለምን ከጨረታው በፊት?

አንደኛ፣ ተጫራቹ ዋጋውን የሚያወጣው በእነዚህ ቦታዎች ላይ በተሞላው መሠረት ነው። በ60 ቀን ጨርስ የተባለና በ120 ቀን ጨርስ የተባለ ሰው አንድ ዓይነት ዋጋ አይሰጡም።

ሁለተኛ፣ ቦታው ባዶ ከሆነ እያንዳንዱ ተጫራች የየራሱን ግምት ይይዛል። አንዱ ውሃ ከኮሚቴው ይሰጠኛል ብሎ ሲያሰላ፣ ሌላው በቦቴ አስመጣለሁ ብሎ ያሰላል። ኮሚቴው ዋጋዎችን ሲያወዳድር የሚያወዳድረው የተለያዩ ሥራዎችን ነው። ርካሽ የመሰለው በኋላ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከጨረታው በፊት የመወሰን ሥልጣን ያለው አሠሪው ነው። አሸናፊው ከታወቀ በኋላ ግን ባዶው ቦታ የሚሞላው በድርድር ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ችኮላው የእኛ ነው። ከተፎካካሪዎቹ መካከል አንዱን መርጠን ከእርሱ ጋር ብቻ ሁኔታውን መለወጥም ለሌሎቹ ተጫራቾች በደል፣ ለኮሚቴውም ሐሜት ነው።

አሁን በየተራ ምን መሞላት እንዳለበት እንመልከት።

1ኛ/ የተዋዋዮች ስምና ሥልጣን

«አሠሪ» በሚለው ቦታ ማን ይጻፋል? ውሉን የሚፈርመውና ገንዘቡን የሚከፍለው ድርጅት ከሆነ ስሙ በሙሉ የድርጅቱ ይሁን። ኮሚቴው ራሱ የሚዋዋል ከሆነ ግን የተመዘገበና ሕጋዊ ሰውነት ያለው መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጥ። ያልተመዘገበ ኮሚቴ በስሙ መክሰስ ይቸግረዋል፤ የፈረሙት ሰዎችም ዕዳው በግላቸው ሊመጣባቸው ይችላል።

ሥራውን የሚቆጣጠረው መሐንዲስ ወይም ተቆጣጣሪ ማን እንደሆነና የሥራ ለውጥ ማዘዝ የሚችለው ማን ብቻ እንደሆነም ይጻፍ። አንዱ የኮሚቴ አባል በመንገድ ሲያልፍ «እዚህ ጋ አንድ መስኮት ጨምር» ብሎ የተናገረው በኋላ በሒሳብ መጠየቂያ ላይ ተጽፎ ይመጣል። «በተቆጣጣሪው በጽሑፍ ያልታዘዘ ተጨማሪ ሥራ አይከፈልበትም» የሚለው አንድ መስመር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ከተጫራቾች የሚፈለገው ማስረጃም በዚሁ ይገለጽ። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የግንባታ ባለሥልጣን ተቋራጮችን ይመዘግባል፤ ደረጃቸውም ከ1 እስከ 8 ሲሆን 1 ከፍተኛው ነው። በየትኛው ደረጃና በየትኛው የሥራ ዘርፍ የተመዘገበ ተጫራች እንደሚፈለግ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ በኋላ አንዱን «ደረጃህ አይበቃም» ማለት አይቻልም።

2ኛ/ የሥራው ቦታ

«በካምፑ ውስጥ» ማለት አይበቃም። ዞኑና ብሎኩ፣ የመሬቱ ስፋትና አዋሳኞቹ ተጽፈው ንድፉ ይያያዝ። ለግንባታው የካምፑ አስተዳደር ፈቃድ መገኘቱና ቦታው የአካባቢው ተወላጆች የይገባኛል ጥያቄ የሌለበት መሆኑ ከጨረታው በፊት ይጣራ። ተቋራጩ ዕቃ ጭኖ ከመጣ በኋላ ቦታው አከራካሪ ሆኖ ቢገኝ፣ ለቆመበት ቀን ሁሉ የሚጠየቀው አሠሪው ነው። ቦታው ለጎርፍ የተጋለጠ መሆን አለመሆኑም ይገለጽ። በካኩማ የታራች ደረቅ ወንዝ ምን ያህል በድንገት እንደሚሞላ ከሩቅ የመጣ ተጫራች ላያውቅ ይችላልና፣ ተጫራቾች ቦታውን የሚጎበኙበት ቀን በማስታወቂያው ላይ ይወሰን።

3ኛ/ የሥራው ዓይነት፣ ጥራትና መጠን

«ጥሩ ቆርቆሮ»፣ «ጠንካራ ወለል» የሚሉ ቃላት ዋጋም መለኪያም የላቸውም። ቆርቆሮው ባለ 28 ጌጅ ነው ወይስ ባለ 30? ቁጥሩ ሲያድግ ቆርቆሮው እንደሚሳሳ ብዙ ሰው አያውቅም። የኮንክሪቱ ቅልቅል (ለምሳሌ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ አራት እጅ ጠጠር)፣ የወለሉ ውፍረት፣ የመሠረቱ ጥልቀት፣ የምስጥ መከላከያው ዓይነት ይጻፍ።

የመጠን ዝርዝሩ ከፕላኑ ጋር መስማማት አለበት። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ክፍል 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ወለል ቢኖረው፣ ኮንክሪቱ 8 × 6 × 0.10 = 4.8 ሜትር ኩብ ነው። ከላይ በተባለው ቅልቅል ለአንድ ሜትር ኩብ ከ6 ከረጢት በላይ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ስለሚያስፈልግ ለወለሉ ብቻ ወደ 30 ከረጢት ይሄዳል። ጸሐፊው በስህተት 0.48 ብሎ ቢጽፍ ግን ሲሚንቶው ወደ 3 ከረጢት ይወርዳል። ስህተቱን ያየ ተጫራች ዝም ብሎ በዚያ መስመር የነጠላ ዋጋውን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ሥራው ሲለካ መጠኑ ወደ 4.8 ሲመለስ ያ ከፍ ያለ ዋጋ በአሥር ይባዛል። ስለዚህ ዝርዝሩን ከጻፈው ሰው ሌላ ሁለተኛ ሰው እንደገና ያስላው።

4ኛ/ ቀንና ሰዓት

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያሻው ይህ ነው። ጥር 11 ቀን፣ የጥምቀት ዕለት፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ነው፤ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ 20 ይሆናል። «ጥር 11» ተብሎ የተጻፈውን ተርጓሚ «ጃንዋሪ 11» ብሎ ቢያሳልፈው ስምንት ቀን ይጠፋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው። «4 ሰዓት» ለእኛ ከረፋዱ ነው፤ በስዋሂሊ ሲነገርም እንደ እኛው ነው። በእንግሊዝኛው ሰነድ ላይ ግን ከቀትር በኋላ፣ ማለትም በእኛ 10 ሰዓት ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የጨረታ ሣጥን ከተከፈተ በኋላ የደረሰ ተጫራች ቢያጉረመርም አይፈረድበትም። ስለዚህ ቀኑ እ.ኤ.አ. መሆኑ፣ ሰዓቱም ከቀትር በፊት ወይም በኋላ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይቀመጥ።

የሥራው ጊዜ በቀናት ሲሰጥም «የቀን መቁጠሪያ ቀን» ወይም «የሥራ ቀን» ተብሎ ይለይ። 90 የቀን መቁጠሪያ ቀን 13 ሳምንት ያህል ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 90 የሥራ ቀን ግን 15 ሳምንት ነው። ቆጠራው ከየት እንደሚጀምርም ይወሰን፤ ከፊርማው ቀን ነው ወይስ ቦታው ለተቋራጩ ከተሰጠበት ቀን?

በቱርካና አካባቢ ዋናው ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚጠበቀው እ.ኤ.አ. ከማርች እስከ ሜይ ባሉት ወራት ነው። የጭቃ ጡብ ሥራ የሚሠራ ከሆነ ጣሪያው የሚለብስበት ቀን ለብቻው በውሉ ላይ ቢቀመጥ መልካም ነው።

5ኛ/ የመዘግየት ካሳ

ተቋራጩ ቢዘገይ በቀን ስንት ይከፍላል? ብዙ ኮሚቴዎች «መጥፎ ምኞት ይመስላል» እያሉ ይህን ቦታ ይዘሉታል፤ ወይም ሰረዝ ይጎትቱበታል።

በእንግሊዝ አገር የይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 የወሰነው አንድ ጉዳይ ስለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ቴምሎክ የተባለ ተቋራጭና ኢሪል ፕሮፐርቲስ የተባለ አሠሪ በተፈራረሙት ውል አባሪ ላይ፣ የመዘግየት ካሳ በሚለው ቦታ «ምንም» ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ሥራው ዘገየና አሠሪው የደረሰብኝ ጉዳት ይከፈለኝ አለ። ፍርድ ቤቱ ግን «ምንም» ብላችሁ የጻፋችሁት ስለ መዘግየት ካሳ እንዳይከፈል ተስማምታችሁ ነው ሲል ወሰነ። የኬንያ ሕግ በብዙ ረገድ ከእንግሊዝ ሕግ የመነጨ ስለሆነ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በዚህ ቦታ ዜሮ መጻፍ መብትን መተው ሊሆን ይችላል።

ጨርሶ ባዶ መተውስ? ያን ጊዜ አሠሪው የደረሰበትን ጉዳት በገንዘብ ተምኖ ማስረዳት ይጠበቅበታል። ነጋዴ ቢሆን ያጣውን የኪራይ ገቢ ያሳያል። የሕፃናት መዋያ ወይም መማሪያ ክፍል ግን ገቢ የለውም። ልጆች ሦስት ወር በፀሐይ መቀመጣቸው በሽልንግ ስንት ነው? ለእኛ ቁጥሩን አስቀድሞ መጻፍ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ለምሳሌ የውሉ ዋጋ 1,200,000 ሽልንግ ቢሆንና ካሳው በቀን ከሺህ አንድ (0.1 ከመቶ) ቢባል፣ በቀን 1,200 ሽልንግ ይሆናል። ጣሪያው 10 ከመቶ ከሆነ 120,000 ሽልንግ ነው፤ ይህም በ100 ቀን መዘግየት ይሞላል። መጠኑ ለማስፈራራት ብቻ የተጋነነ እንዳይሆን ይጠንቀቁ፤ ከሥራው ጋር ያልተመጣጠነ ቅጣት ፍርድ ቤት ላይቀበለው ይችላል። በሌላ በኩል መዘግየቱ የመጣው በአሠሪው ምክንያት ከሆነ፣ ማለትም ቦታው ወይም ክፍያው በጊዜው ካልተሰጠ፣ ለተቋራጩ ቀን እንደሚጨመርለት ይጻፍ። ይህ ካልኖረ ካሳውን ራሱን ሊያሳጣን ይችላል።

6ኛ/ ዋጋና አከፋፈል

ዋጋው በምን ገንዘብ እንደሆነና የተጨማሪ እሴት ታክስ የተካተተበት መሆን አለመሆኑ ይጻፍ። አንዱ ተጫራች ታክሱን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ቢያቀርቡ ውድድሩ ይበላሻል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ቢወደድ ውሉ እንደሚሻሻል ወይም ዋጋው የማይለወጥ መሆኑም ይለይ።

ክፍያው በሥራው ደረጃ ቢከፋፈል ለኮሚቴ ቁጥጥር ይቀላል። ለምሳሌ መሠረቱ ሲያልቅ 20 ከመቶ፣ ግድግዳው ሲያልቅ 30፣ ጣሪያው ሲለብስ 25፣ ወለልና ልስን ሲያልቅ 15፣ በርና መስኮት ተገጥሞ ርክክብ ሲደረግ 10፤ ድምሩ 100 ነው። ድምሩን ደምሩ! 95 ወይም 105 የሚሆን ዝርዝር በየጊዜው ያጋጥማል።

ቅድሚያ ክፍያ የሚሰጥ ከሆነ መጠኑ፣ በምን ዋስትና እንደሚሰጥና ከየክፍያው እንዴት እየተቀነሰ እንደሚመለስ ይጻፍ። ዋስትና የሌለው ቅድሚያ ክፍያ ብድር ነው። ለመጠባበቂያ የተያዘ ገንዘብ ካለም በተቆጣጣሪው ትእዛዝ ብቻ የሚወጣ እንጂ የተቋራጩ መብት አለመሆኑ ይገለጽ።

7ኛ/ መያዣ ገንዘብና የጉድለት ማረሚያ ጊዜ

ከየክፍያው ላይ ከመቶ 10 መያዣ ቢቀር፣ ከላይ ባለው ምሳሌ 120,000 ሽልንግ ይጠራቀማል። በጊዜያዊ ርክክብ ግማሹ፣ ማለትም 60,000 ይለቀቃል፤ ቀሪው ተቋራጩ የታዩትን ጉድለቶች አርሞ የመጨረሻ ርክክብ ሲደረግ ይከፈለዋል። የማረሚያው ጊዜ ስንት ወር ነው? በእንግሊዝ አገር የሚሠራበት የጄሲቲ ውል፣ በቀድሞ እትሞቹ ቁጥር ካልተሞላ ስድስት ወር ነው ይል ነበር። በእጃችሁ ያለው ቅጽ ምን እንደሚል አንብቡ። ስድስት ወር አንድ የዝናብ ወቅት ሳያሳይ ሊያልፍ ይችላል። ጣሪያ የሚፈተነው በዝናብ ነውና 12 ወር ብሎ መሙላት የተሻለ ነው።

8ኛ/ ውሃ፣ ጥበቃ፣ መጋዘንና የቀን ሠራተኛ

በታተመ ቅጽ ላይ ብዙ ጊዜ የማይገኘው፣ በካምፕ ግን ጠብ የሚያነሣው ይህ ነው። ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ መጠጣት አለበት። ውሃው ከየት ይመጣል? ተቋራጩ ከነዋሪው ቧንቧ ቢቀዳ የሚጎድለው የእናቶች ጀሪካን ነው። «ተቋራጩ ውሃ በራሱ ወጪ ከካምፑ ቧንቧ ውጭ ያቀርባል» ወይም «ኮሚቴው በቀን ይህን ያህል ሊትር ይሰጣል» ተብሎ ይጻፍ። የሌሊት ዘበኛ የማን ነው? ሲሚንቶ ቢሰረቅ ኪሳራው የማን ነው?

ከካምፑ ነዋሪዎችና ከአካባቢው ተወላጆች ስንት የቀን ሠራተኛ እንደሚቀጠር፣ ዝቅተኛው የቀን ክፍያና የሚከፈልበት ቀን፣ ሠራተኛ ሲጎዳ የሚያሳክመው ማን እንደሆነም ይገለጽ። ተቋራጩ የመጨረሻ ክፍያውን ከመውሰዱ በፊት የሠራተኞች ደመወዝ መከፈሉን በፊርማ ያረጋግጥ። ይህ መስመር ባለመኖሩ የሦስትና የአራት ሳምንት ላባቸውን ያጡ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም።

9ኛ/ አለመግባባት

ክርክር ቢነሣ በመጀመሪያ ለማን ይቀርባል? በስንት ቀን መልስ ይሰጣል? ከዚያስ ወደ ሽምግልና ነው ወይስ ወደ ፍርድ ቤት? በየትኛው አገር ሕግ? ሰነዱ በሁለት ቋንቋ ከተጻፈ የትኛው ቋንቋ እንደሚጸና ይጻፍ። የአማርኛው ትርጉም ለመረዳት ብቻ ከሆነ ነዋሪው ይህን ማወቅ ይገባዋል።

ማስታወቂያው ከመለጠፉ በፊት

ሰነዱ ከተዘጋጀ በኋላ ከጸሐፊው ሌላ ሁለት ሰዎች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡት። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌላው በእጁ ባለው ቅጂ ይከታተል። በተለይ የሚከተሉት ይፈተሹ፦

ሀ/ በነጠብጣብ ወይም በባዶ መስመር የቀረ ቦታ አለን? የማያስፈልግ ቦታ ቢሆን እንኳ «አይመለከትም» ተብሎ ይሞላ። ገንዘብ በሚጻፍበት ቦታ ግን ይህን ቃል ከመጻፍዎ በፊት ሁለት ጊዜ ያስቡ።

ለ/ አንድ ነገር በሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ተጽፏልን? ማስታወቂያው 90 ቀን፣ አባሪው 120 ቀን እንዳይል።

ሐ/ ገንዘብ በአሃዝም በፊደልም ተጽፏልን? ሁለቱስ ይስማማሉን?

መ/ ከሌላ ሥራ ከተገለበጠ ሰነድ የቀረ የሌላ ቦታ ስም ወይም ያለፈ ቀን አለን?

ሠ/ ሁለቱ ሰነዶች ሲጋጩ የትኛው እንደሚበልጥ፣ ማለትም አባሪው፣ ፕላኑ ወይስ የመጠን ዝርዝሩ፣ በቅደም ተከተል ተጽፏልን?

ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ስህተት ቢገኝ መደበቅ አያስፈልግም። እርማቱ በጽሑፍ ሆኖ፣ ሰነድ ለወሰዱት ተጫራቾች ሁሉ በአንድ ቀን ይድረሳቸው። እርማቱ ዋጋ የሚለውጥ ከሆነ የመዝጊያው ቀን ይራዘም። አንድ ተጫራች ጥያቄ ቢጠይቅም መልሱ ለሁሉም ይላክ። ለአንዱ በሻይ ቤት የተነገረ መልስ ለሌላው አድልዎ ነው።

የኮሚቴ አባል ያልሆናችሁ ነዋሪዎችም ድርሻ አላችሁ። በሰፈራችሁ ግንባታ ሲጀመር «መቼ ያልቃል? ቢዘገይስ? ከፈረሰ ማን ያድሳል? የቀን ሠራተኛውስ መቼ ይከፈለዋል?» ብላችሁ በስብሰባ ጠይቁ። ኮሚቴው ውሉን ገልጦ ማሳየት ከቻለ ሥራው በመልካም መንገድ ላይ ነው። «ኋላ ይሞላል» የሚል መልስ ከተሰጣችሁ ግን ጥያቄያችሁ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አድርጉ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ አንድ ሳምንት ለመቆጠብ ሲባል ባዶ ቦታ ያለበት ሰነድ የሚያወጣ ኮሚቴ በኋላ ወራት ያጣል። በመግቢያው የተጠቀሰው የሕፃናት መዋያ ኋላ ሁለተኛ መዋጮ ተዋጥቶ ተሠርቷል። በዚያኛው ውል አባሪ ላይ አንድም ነጠብጣብ አልቀረም፤ ጣሪያውም ከዝናቡ በፊት ለበሰ። የሁለተኛው መዋጮ ገንዘብ ግን ከመጀመሪያው ሰነድ ላይ አንዲት ቀን ጽፈን ቢሆን ኖሮ በየቤታችን ይቀር ነበር።